ከመጨረሻው ረድፍ የማይታየው ሰሌዳ

በተራራችን ሥር ባለው ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስንለት ቁመቱ አይደለም፤ ውጤቱ ነው። የወሩ ፈተና ታርሞ ሲያልቅ ልጆቹ ደብተራቸውን አቅፈው በረንዳው ላይ ይሰለፋሉ። የክፍል ኃላፊው መምህር ሺ በሩ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። አንደኛ የወጣው ቀድሞ ገብቶ የወደደውን ወንበር ይይዛል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ይገባል። ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ያለው ቦታ እንዲህ እየሞላ ይሄድና፣ ስማቸው በመጨረሻ የሚጠራ ልጆች መጥረጊያው የተደገፈበትንና የቆሻሻ ቅርጫቱ የተቀመጠበትን ጥግ ይወርሳሉ።

ይህን ሥርዓት የሚነቅፍ ሰው በመንደራችን አልነበረም። «የሠራ ይቅደም፣ ያልሠራ ወደ ኋላ ይቅር፤ ምን በደል አለበት?» ይባል ነበር።

አባባ ዴሹንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የፖም ገበሬ ናቸው። አንድ ልጃቸው ጂያንሚን ከሚስቱ ጋር በሩቅ ደቡብ በአንድ የጫማ ፋብሪካ ስለሚሠራ፣ የልጅ ልጃቸውን ዋንቲንግን ጡት ከጣለችበት ጊዜ አንሥቶ ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው እማማ ጉይላን ናቸው። ጂያንሚን የሚመጣው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው። ተመልሶ ሲሄድም አባቱን የሚላቸው አንድ ነገር ነው፦ «አደራ አባባ፣ ልጅቷ ትማርልኝ። እንደ እኔ ሙጫ ስታሸት አትኑር።»

አባባ ዴሹን ይህን አደራ ከፖም ዛፎቻቸው አስበልጠው ይጠብቁት ነበር። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው ፈተና ውጤት የተነገረ ዕለት ዋንቲንግን የጠበቋት የግቢው በር ላይ ቆመው ነው።

«የት አስቀመጡሽ?»

«ከኋላ።»

«ከኋላ ማለት ምን ማለት ነው? ከኋላ ሦስተኛ? ከኋላ ሁለተኛ?»

«ከመጥረጊያው አጠገብ፣ አባባ።»

እማማ ጉይላን የድንቹን ልጣጭ ከጉልበታቸው ላይ አራገፉና፣ «መጥረጊያውም ጓደኛ ያስፈልገዋል። በይ ግቢ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አሏት።

«አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሻት! ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ዓምና መሀል ወረደች። ዘንድሮ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር! ለሚቀጥለው ጊዜ የት ሊያስቀምጧት ነው? ከግንቡ ውጭ?»

ዋንቲንግ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ወደ ቤት ስትገባም ደፉ ላይ የተኛችውን ድመት እንዳትረግጥ ጎንበስ ብላ ዓይኗን አጨንቁራ አየች።

ነገሩ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። ያን ጊዜ ከአውራጃው ከተማ የመጡ ሐኪሞች የልጆቹን ዓይን መረመሩ። ዋንቲንግ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሠንጠረዥ የለየችው የላይኛዎቹን ትልልቅ ምልክቶች ብቻ ነበር። የሩቁ አይታያትም ተባለና መነጽር ተሰጣት። ያን ቀን መነጽሯን አድርጋ እየሮጠች ቤት ገብታ፣ «እማማ፣ ለካ መምህር ሺ ጢም አላቸው!» ስትል እማማ ጉይላን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አባባ ዴሹን ግን አልሳቁም። መነጽሩን ከፊቷ ላይ በቀስታ አወለቁት።

«ስሚኝ ልጄ። ዓይን እንደ ጡንቻ ነው፤ ካላሠሩት ይሰንፋል። መነጽር አንዴ የለመደ ዓይን ተመልሶ አይሠራልሽም። ያ የቻንግ ልጅ እንዴት ሆነ? በቀጭኑ ጀመረ፣ በየዓመቱ ወፈረ፣ ዛሬ የጠርሙስ ቂጥ ፊቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚሄደው። በየቀኑ ትምህርት ቤት በሙዚቃ ዓይናችሁን የሚያሳሿችሁ ለምን ይመስልሻል? እሱን አጥብቀሽ ሥሪ። እኔ ካሮትና የበግ ጉበት አመጣልሻለሁ።»

«ሐኪሟ ግን አድርጊው ነው ያለችኝ።»

«ሐኪሟ ነገ ትሄዳለች፤ ዓይንሽ ካንቺ ጋር ነው የሚቀረው። ደግሞስ ሴት ልጅ አይደለሽ? ባለ አራት ዓይን ሙሽራ ማን ይወስዳል?»

«አንተን የወሰድኩህ እኔ ሁለቱም ዓይኔ ደህና እያለ ነው» አሉ እማማ ጉይላን። «ምን ጠቀመኝ?»

አባባ ዴሹን ቀልዱን እንዳልሰሙ ሆነው መነጽሩን በትንሿ ከረጢት ከተው፣ ሁለቱ ሽማግሎች የመቀበሪያ ልብሳቸውን ወደሚያስቀምጡበት ሣጥን አስገቡት። ቁልፉንም ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ይህ ጭካኔ አልነበረም። በየቤቱ እንዲሁ ነበር የሚደረገው። ያን ዓመት መነጽር ከተሰጣቸው ልጆች አብዛኞቹ የአዲስ ዓመት ርችት ሳይተኮስ በፊት አውልቀውት ነበር፤ ያስወለቋቸውም ከማንም በላይ የሚወዷቸው ናቸው።

ዋንቲንግ በመጀመሪያው ዓመት ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር እየገለበጠች ዘለቀች። ያቺ ልጅ ጎበዝ ስለነበረች ወደ ፊት ሄደች። ዋንቲንግ ባለችበት ቀረች፤ ቀጥሎም ወደ ኋላ ሄደች። በራቀች ቁጥር ሰሌዳው ይጠፋባታል፤ ሰሌዳው በጠፋባት ቁጥር ውጤቷ ይወርዳል፤ ውጤቷ በወረደ ቁጥር ደግሞ ከሰሌዳው ይበልጥ ትርቃለች። ዓይኗን አጨንቁራ ስታይ አንድ ቀን መምህር ሺ የምታሾፍባቸው መስሏቸው ግማሽ ሰዓት አቆሟት። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች። እዚያ የሚገለበጥ ደብተር የለም፤ ጎረቤቶቿ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው የሚውሉ ጎረምሶች ናቸው።

በዚያው ሰሞን መምህር ሺ ስልክ ደወሉ።

«አባባ ዴሹን፣ ልጅቷ ጨዋ ናት። እኔ ቅር አላሰኘችኝም። ጨዋነት ግን የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና አያሳልፍም። በዚህ ውጤት ሰኔ ላይ ብትቀመጥ ራሷም ታፍራለች፣ የክፍሉንም አማካይ ታወርዳለች። አሁኑኑ ወደ ሙያ ትምህርት ብትሄድ፣ ወይም ወላጆቿ ጋ ብትሄድ ይሻላል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ውሳኔዎን ይንገሩኝ።»

ማታ ጂያንሚን ከደቡብ ሲደውል አባቱ ነገሩት።

«ካልገባት ምን ይደረጋል?» አለ ጂያንሚን። «ትምጣ። ሶል መለጠፍ ጭንቅላት አይፈልግም።»

ዋንቲንግ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተነሥታ ወደ ስልኩ ቀረበች። «አባዬ፣ እኔ መማር ነው የምፈልገው።»

«መፈለግማ ሁሉም ይፈልጋል፣ ልጄ።»

አባባ ዴሹን ስልኩን ዘግተው፣ «እስከ ስብሰባው ድረስ ዕድል አለሽ» አሏት። «ስንፍናሽን ተይ። ካልተውሽ እኔም አፌን ሞልቼ ትማር ማለት አልችልም።»

የመስከረም ማለቂያ ደረሰ። በእኛ አገር ፖም በጋውን ሙሉ የወረቀት ከረጢት ለብሶ ነው የሚያድገው። ሊለቀም ሲል የውጩ ወረቀት ይቀደድለታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ የውስጡ ቀይ ስስ ወረቀት ይገፈፍና ፀሐይ አግኝቶ ይቀላል። በዚያ ሳምንት የተገፈፈውን ቀይ ወረቀት ነፋስ እየወሰደ በየእሾሁ፣ በየአጥሩ፣ በየቦረቦሩ ይሰካዋል። ተራራው ሁሉ ቀይ ጨርቅ የተሰጣበት ይመስላል።

በዚያ ሳምንት አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አባባ ዴሹን ላይኛው ማሳ ላይ ወረቀት ሲገፍፉ፣ እማማ ጉይላን ለፍየሏ ሣር ሊያጭዱ ወደ ቦረቦሩ ወረዱ። ራሳቸው ላይ ቀይ ሻሻቸውን አስረዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባባ ዴሹን ቤት ሲገቡ ምድጃው ቀዝቅዟል። ዋንቲንግ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታነባለች።

«እማማሽስ?»

«አላየኋትም። ከእርስዎ ጋር መስላኝ።»

ፍየሏ ሣር አልተጣለላትም። አባባ ዴሹን ይህን ሲያዩ ጎረቤት ጠሩ። ፍለጋ ሲወጣ ዝናብ ጀመረ። ያገኟቸው ቀኑ ሊጨልም ሲል ነው፤ ከቦረቦሩ አፋፍ ሥር፣ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ፣ ከወገባቸው በታች ጭቃ ውስጥ ሆነው። ሻሹን ከራሳቸው ፈትተው በእጃቸው ጨብጠውታል። የበር ሳንቃ ነቅለው በእሱ ላይ ተሸክመው አወጧቸው።

«ምነው ሳትጮሂ ቀረሽ!» ይላሉ አባባ ዴሹን ከሳንቃው ጎን እየሮጡ።

«ጮኼ ነበር» አሉ እማማ ጉይላን ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። «ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ... በአፋፉ ስታልፍ... ሻሼን አውለበለብኩላት። ቆመች። አየችኝ። ከዚያ ሄደች።»

ሳንቃውን የተሸከሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ የሚከተሉት የአባባ ዴሹን ታናሽ እህት ፌንግዪንግ ደግሞ፣ «ምን? አይታ ሄደች?» አሉ፤ ያም ቃል ከሳንቃው ቀድሞ መንደር ገባ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባባ ዴሹን ልጅቷን ግድግዳ አስደግፈው ጠየቋት።

«በየት በኩል መጣሽ?»

«በአፋፉ።»

«ቆመሽ ወደ ታች አየሽ?»

«አዎ አየሁ።»

«እና ምን አየሽ?»

«ቀይ ነገር። የሚንቀሳቀስ ቀይ ነገር። የፖም ወረቀት መሰለኝ፣ አባባ። እሾህ የያዘው...»

«ሰው ሲያውለበልብ ወረቀት ይመስላል? ስትጮህስ?»

«ነፋሱ ነበር፤ ከማሳው የሚጣሩ ሰዎችም ነበሩ። እኔ... ወረቀት መሰለኝ።»

«ልብ የሌለሽ!» አሉ አባባ ዴሹን፣ ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞልቶት። «አዝላ ያሳደገችሽን እያየሽ አለፍሻት!»

ዋንቲንግ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ወደ ታች ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ስብራቱ እማማ ጉይላንን የሚገድላቸው አልነበረም። የገደላቸው በዚያ ጭቃ ውስጥ ደረታቸው የያዘው ብርድ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ትንፋሻቸው አጠረ። በመጨረሻው ጠዋት ባላቸውን በእጃቸው ጠሩ፤ አባባ ዴሹንም ጆሯቸውን ወደ እሳቸው አፍ አስጠጉ።

«አትጩህባት። እኔ ስተኛ አሰብኩት። ቆማ ስታየኝ ፊቷን ጨምድዳ ነበር፤ ድመቷን ስታይ እንደምታደርገው። አላየችኝም እኮ። የጂያንሚን አባት... ለልጅቷ ዓይኗን ስጣት።»

አባባ ዴሹን፣ «እሺ፣ አሁን አትድከሚ» አሉ። እሺታቸው ግን ለሕመምተኛ የሚሰጥ እሺታ ነበር።

የመቀበሪያ ልብሱን ሊያወጡ ሣጥኑን ሲከፍቱ ትንሿ ከረጢት ከእጥፋቱ መሀል ወለሉ ላይ ወደቀች። አባባ ዴሹን አነሷት። ለጥቂት ጊዜ በመዳፋቸው ይዘዋት ቆሙ። ከዚያ መልሰው አስቀመጧትና ሣጥኑን ቆለፉ። ልጅቷ አላየችም ብለው ቢያምኑ ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣውንም ማመን ነበረባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ገና ጉልበት አልነበራቸውም። ሰነፍ ናት፣ ልብ የላትም ማለት ይቀላል።

የወላጆች ስብሰባ ቀን ደረሰ። በትምህርት ቤታችን ወላጅ ለስብሰባ ሲመጣ የሚቀመጠው ልጁ ወንበር ላይ ነው። አባባ ዴሹን ክንዳቸው ላይ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ እንደታሰረ በሁሉም ፊት አልፈው መጥረጊያው አጠገብ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለ። ተማሪዎቹ ለወላጆች ሻይ እየቀዱ ከግድግዳው ጋር ቆመዋል። ዋንቲንግ ከአያቷ ጀርባ ናት።

መምህር ሺ ስለ ፈተናው ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ዞር ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ከስብሰባው በኋላ ወላጆቻቸው እንዲቆዩ የሚፈለጉ ልጆች ስም ነው። አባባ ዴሹን ጋዜጣ እጃቸው ላይ ሲይዙ ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል፤ ሩቁ ግን እንደ ወጣት ዓይን ይታያቸዋል። ከላይ ሁለተኛው ላይ አገኙት።

«ስምሽን ጻፉት» አሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በዝግታ።

«የት?»

«ሰሌዳው ላይ ነዋ፣ የት ይሆናል! ከላይ ሁለተኛው።»

አባባ ዴሹን ዞረው አዩዋት። ፊቷን ጨምድዳ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ ነበር።

«አይታይሽም?»

«የሚታየኝ ነጭ ነገር ነው።»

«እና እንደጻፉ በምን አወቅሽ?»

«ጠመኔው ሲጮህ ይሰማኛል፣ አባባ። ጩኸቱ አጭር ከሆነ ቁጥር ነው፤ ረዘም ካለ ዓረፍተ ነገር ነው እላለሁ። ሲቆም ጻፉ፣ ጨረሱ እላለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተማርሽው?»

«ምን ላድርግ?»

አባባ ዴሹን ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። ያ ሁሉ የቁጣ ቃላቸው፣ «ሰነፍ»፣ «ልብ የሌለሽ»፣ አንድ በአንድ እየመጣ ደረታቸው ላይ ተቀመጠ። ተነሡ። ወንበሩ ተንቋቋ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

«መምህር፣ የእኔ ልጅ ትፈተናለች።»

«አባባ ዴሹን፣ ተነጋግረን አልነበረም?»

«የተነጋገርነው ስለ አንዲት ሰነፍ ልጅ ነበር። ያቺ ልጅ የለችም። የእኔዋ ሰሌዳው የማይታያት ናት።»

ከፊት ረድፍ አንድ አባት ሳቅ ብለው፣ «የእኔም ፈተና ሲደርስ ነው የሚታወረው» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

መምህር ሺ ፊታቸው ቀላ። «ሃምሳ ስምንት ልጅ ነው ያለኝ። ማን ያያል፣ ማን አያይም እያልኩ እያንዳንዱን ልመርምር?»

«እኔ ቤት አንድ ልጅ ናት ያለችው» አሉ አባባ ዴሹን። «እኔም አልመረመርኩም። ሐኪም መርምራ የሰጠቻትን ቀምቼ ቆለፍኩባት። እርስዎን ልወቅስ አልተነሣሁም። ግን ሰሌዳውን ሳታይ ወድቃለች አይበሏት።»

መምህር ሺ ጠመኔውን በጣታቸው መሀል ጥቂት ጊዜ አገላበጡት።

«እስከ ኅዳር ፈተና ትቆይ» አሉ። «ያን ጊዜ ካልተሻሻለች ከእኔ በላይ ያሉት አይሰሙኝም።»

በማግስቱ አባባ ዴሹን ልጅቷን በባለሦስት እግር ሞተራቸው ጭነው አውራጃው ከተማ ወሰዷት። የድሮው መነጽር አይበቃትም ተባለ፤ ዓይኗ በሁለቱ ዓመት ብሶበት ነበር። አዲስ ተሠራላት። ሲመለሱ ዋንቲንግ ከኋላ ሆና የየሱቁን ስም ጮክ ብላ እያነበበች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀብሩ በኋላ ስትስቅ ሰሟት። አባባ ዴሹንም ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ፣ «አባባ፣ ያቁሙልኝ» አለች።

ወረደች። መንገዱ ዳር ቆመች።

«እማማ የወደቀችው የት ጋ ነው?»

አባባ ዴሹን በጣታቸው አሳዩ። ምነው እጄ በተሰበረ ኖሮ ያሉት በኋላ ነው።

ከዚያ ሆና ሁሉም ይታያት ነበር፤ ግማሹ የታጨደው ሣር፣ የተንሸራተተው አፈር፣ ሰዎች ሲወጡና ሲወርዱ የረጋገጡት ጭቃ። እሾሁ ላይ የቀረው የፖም ወረቀት እንኳ ወረቀት መሆኑ በግልጽ ይለያል። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

«ይህን ያህል ቅርብ ነበረች?» አለች ዋንቲንግ።

መነጽሩን አወለቀችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ዓይኗ ላይ አላየነውም።

አባባ ዴሹን ለመኑ። ቆጡ። ሳይናገሩ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። መምህር ሺ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ሊያቀርቧት ቢሞክሩም ያለ መነጽር ለውጥ አልነበረውም። በዚያ ላይ የፌንግዪንግ ወሬ ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ጎረምሳ በዕረፍት ሰዓት፣ «አያቷን ያላየች ሰሌዳ ልታይ!» ብሎ ሲጮህ መላው በረንዳ ሰማ። የኅዳር ፈተና ቀረበ። ጂያንሚን ደግሞ ለእናቱ ሰባተኛ ሳምንት መታሰቢያ ከደቡብ ሲመጣ የመመለሻ የባቡር ትኬት የቆረጠው ለሁለት ሰው ነበር።

በመታሰቢያው ቀን ዘመድ ሁሉ ፖም ማሳው ራስጌ ካለው መቃብር ተሰበሰበ። በእንፋሎት የበሰለው ዳቦና ፍራፍሬው ተደረደረ። ለሙታን የሚቃጠለው ወረቀት ተለኮሰ። ልጅና የልጅ ልጅ ተንበርክከው ሲሰግዱ፣ ፌንግዪንግ ቀስ ያለ መስሏቸው ለጎረቤታቸው፣ «ቆማ አይታት አለፈች፤ አሁን ደግሞ ትሰግዳለች» አሉ።

ዋንቲንግ ግንባሯ መሬት እንደነካ ቀረች። አልተነሣችም።

በእኛ ወግ ባል በሚስቱ መቃብር ላይ አይንበረከክም፤ ያውም ታናናሾቹ እያዩ። አባባ ዴሹን ግን የያዙትን በትር ጣሉ። ጂያንሚን፣ «አባባ፣ ተው!» ብሎ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል እጁን ገፍተው በሁለት ጉልበታቸው ከልጅቷ ጎን ወረዱ።

«ጉይላን» አሉ። «ልጅቷ አላየችሽም። እግዜር የሰጣት ዓይን አልበቃት ሲል ሐኪም ሌላ ሰጥታት ነበር። እሱን ካንቺ የመቃብር ልብስ ጋር የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስትነግሪኝ እሺ ብዬ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ። በአፋፉ ላይ ያለፈሽ ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተንበርክከው እንዳሉ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«ሰማችሁ? ፌንግዪንግ፣ ሰምተሻል? ከዛሬ በኋላ ይህችን ልጅ በዚህ ነገር ስሟን የሚያነሣ የእኔን ስም ያንሣ።»

ፌንግዪንግ መሬት መሬት አዩ።

አባባ ዴሹን ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው ከመሬት አነሷት። «አንቺ መነጽሩን ስታደርጊ የምታዪው ያንቺን ጥፋት መስሎሻል። የእኔን ነው የምታዪው። እይው። እኔ ልሸሸው አልፈልግም፤ አንቺም አትሽሺልኝ። ዕውር ሆነሽ እማማሽን አትመልሻትም።»

ዋንቲንግ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ በዚያ ቅርበት መነጽር አያስፈልጋትም ነበር። ከዚያ እጇን ኪሷ ከተተች። መነጽሩን ስታደርግ አንዱ ጆሮዋ ላይ ያስያዘላት ጂያንሚን ነው።

«ስንት ጊዜ ደወልኩ» አለ ጂያንሚን። «ስንተኛ ወጣሽ እንጂ ምን አስቸገረሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።»

ወደ ደቡብ የተመለሰው ብቻውን ነው።

ተአምር አልተፈጠረም። ሁለት ዓመት ያመለጠ ሰሌዳ በጥቂት ወር አይተካም። በኅዳር ፈተና ዋንቲንግ ያለፈችው ጥቂት ልጆችን ብቻ ነው፤ ለመምህር ሺ ግን ያ በቃ። ሰኔ ላይ ታዋቂው ትምህርት ቤት ሳይሆን የአውራጃው ሁለተኛው ትምህርት ቤት ተቀበላት። እሷ ደስ አላት፤ አባባ ዴሹን ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረችውን ልጅ እያሰቡ ውጤቱን በሰሙ ጊዜ ማሳቸው ገብተው ብቻቸውን ቆዩ። መምህር ሺም በዚያው ዓመት ስም እየጠሩ ማስቀመጣቸውን ተዉት። አሁን ረድፎቹ በየሳምንቱ ይዘዋወራሉ፤ ትምህርት ሲጀመርም እያንዳንዱ ልጅ ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ሰሌዳውን እንዲያነብ ይደረጋል።

ወላጆች ሆይ፣ መምህራን ሆይ፤ ልጅ ሲወድቅ ምላሳችን ቶሎ የሚያገኘው ቃል «ሰነፍ» የሚለው ነው። ቃሉን ከማውጣታችን በፊት ልጁ በተቀመጠበት ወንበር እንቀመጥ። ያያል ወይ? ይሰማል ወይ? በልቶ መጥቷል ወይ? ተኝቶ አድሯል ወይ? የሚጠይቀው ሰው አለው ወይ? ልጅ የማይታየውን ነገር አይታየኝም ሊል አይችልም፤ ዓለም ለሁሉም እንደዚያው የደበዘዘች ይመስለዋልና። ዓይን በመነጽር አይሰንፍም። የሚሰንፈው የእኛ ጠያቂነት ነው። በዕድሜ ያገኘነው ዕውቀት ሁሉ እውነት አይደለም፤ ፍቅራችንም ብቻውን ከስሕተት አያድነንም። እማማ ጉይላንን የወሰደብን ጠላት አልነበረም።

ባለፈው ሰሞን ሊያ የምትባል ጎረቤት የልጅ ልጇን እየጎተተች ወደ አባባ ዴሹን ግቢ ገባች። አባባ ዴሹን ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

«ይህችን ይምከሩልኝ፣ አባባ። ቁጥር አትገለብጥም፣ ጽሑፍ አትገለብጥም፤ ስንፍና ብቻ!»

አባባ ዴሹን ልጅቷን ከግቢው ማዶ ዳር አቁመው ጣታቸውን አነሡ። «ስንት ነው?»

ልጅቷ ፊቷን ጨመደደች።

አባባ ዴሹን ሳህናቸውን እንደሞላ አስቀመጡና የሞተሩን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

«ምሳዎትን እንኳ ይጨርሱ እንጂ!» አለች ሊያ።

«ይቀዝቅዝ» አሉ። «ውጡ፣ ሐኪም ቤቱ ሳይዘጋ።»